ለሥራ የሚሆን የክላውድ ማከማቻና የዲጂታል ማስታወሻ አመራረጥ፦ ከቆጠራ እስከ ማዛወር

የሥራ ፋይል የት ይቀመጥ? የሥራ ማስታወሻስ የት ይጻፍ? ብዙ ሰው ሁለቱን ጥያቄ አንድ አድርጎ ይይዝና በነፃ የሚሰጠውን ጊጋባይት አወዳድሮ ይወስናል። ጊጋባይት ግን ሲያንስ ይገዛል። የማይገዛው ሌላ ነው፦ በስሕተት የተሰረዘ ፋይል እስከ ስንት ቀን ይመለሳል? ኔትወርክ ሲቋረጥ ምን ምን ይከፈታል? መሣሪያውን መተው ሲያስፈልግ የጻፉት ሁሉ በምን መልክ ይወጣል? ንጽጽሩን በእነዚህ ሦስት ላይ ካቆሙት ምርጫው ራሱ ይቀላል።

ሁለቱን ሥራ ይለዩ

የክላውድ ማከማቻ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚደረስበት ማከማቻ፣ ፋይልን እንዳለ ተቀብሎ እንዳለ የሚመልስ ዕቃ ቤት ነው። ማስታወሻ መያዣው ደግሞ ገና እየተጻፈ ያለ ሐሳብ የሚውልበት ደብተር ነው። ለመለየት አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ነገሩን የሚከፍተው ሌላ ፕሮግራም ነው ወይ? ኤክሴል፣ ፒዲኤፍ፣ ፎቶ፣ ንድፍ፣ ቪዲዮ ከሆነ ቦታው ማከማቻ ነው። እርስዎ ራስዎ የጻፉትና ነገ በቃል ፈልገው የሚያገኙት ጽሑፍ ከሆነ ማስታወሻ ነው።

ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። 40 ሜጋባይት የሆነ ፒዲኤፍ ማስታወሻ ውስጥ ሲያያዝ፣ ማስታወሻው የያዘው ቅጂ እንጂ ዋናውን አይደለም፤ ዋናው ነገ ቢታረም ቅጂው አሮጌ ሆኖ ይቀራል፤ ሰውም አሮጌውን እያነበበ ይወስናል። (ኖሽን የሚባለው የማስታወሻ መሣሪያ በነፃ ዕቅዱ አንድ ፋይል ከ5 ሜጋባይት እንዲበልጥ ስለማይፈቅድ፣ እዚያ ገደቡ ራሱ ከዚህ ስሕተት ያድናል።) በተቃራኒው ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ የወርድ ፋይል የሚከፍት ሰው በዓመቱ መጨረሻ ሦስት ሦስት መስመር የያዙ 200 ፋይሎች ይዞ ይቀራል፤ አንዷን ውሳኔ ለማግኘት አንድ በአንድ ይከፍታል።

መፍትሔው ፋይሉን ማከማቻ ውስጥ አስቀምጦ፣ ማስታወሻው ውስጥ ሊንኩን ብቻ መለጠፍ ነው።

ከማወዳደር በፊት ይቁጠሩ

ምን ያህል እንዳለዎት ሳያውቁ የሚደረግ ንጽጽር ግምት ነው። አንድ ሰዓት መድበው እነዚህን ይጻፉ።

1. ዊንዶውስ ላይ የሥራ ፎልደሩን በቀኝ ተጭነው ፕሮፐርቲስ ይክፈቱ፤ ማክ ላይ ጌት ኢንፎ ነው። ጠቅላላ መጠኑንም የፋይሎቹን ብዛትም ይመዝግቡ። ብዛቱ የሚያስፈልገው 50,000 ትንንሽ ፋይሎች ተመሳሳይ ክብደት ካለው አንድ ትልቅ ፋይል ይልቅ ብዙ ሰዓት ስለሚፈጁ ነው፤ እያንዳንዱ ፋይል የራሱ ምዝገባና ማረጋገጫ አለው። ማይክሮሶፍት ዋንድራይቭ በሚባለው ማከማቻው ሲንክ የሚደረጉት፣ ማለትም በኮምፒውተሩና በክላውዱ ላይ በራሳቸው አንድ ዓይነት እየሆኑ የሚቆዩት ፋይሎች ከ300,000 እንዳይበልጡ ይመክራል።

2. ትልቁን ነጠላ ፋይል ይለዩ። ዋንድራይቭ ለአንድ ፋይል እስከ 250 ጊጋባይት ይቀበላል፤ ጉግል ድራይቭ እስከ 5 ቴራባይት። ለአብዛኛው ቢሮ ሁለቱም ይበቃሉ፤ ቪዲዮ ለሚያቀናብር ግን ማወቁ ይጠቅማል።

3. ባለፉት 30 ቀናት አዲስ የተፈጠሩትን ፋይሎች በቀን ደርድረው መጠናቸውን ይደምሩ። የወር ዕድገትዎ ይህ ነው። በ12 ካባዙት በአንድ ዓመት የት እንደሚደርሱ ያያሉ።

4. የኢንተርኔትዎን የመጫን (ፋይል ወደ ኢንተርኔት የመላክ) ፍጥነት ይለኩ፤ የማውረዱን አይደለም። ብዙ መስመር ላይ መጫን ከማውረድ እጅግ ያነሰ ነው። ስሌቱም ይህ ነው፦ ፍጥነት በሜጋቢት፣ ፋይል በሜጋባይት ይለካል፤ 1 ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ጊጋባይት በሰከንድ 2 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ሲላክ 40,000 ሰከንድ፣ ማለትም ከ11 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ፎልደሩ 100 ጊጋባይት ከሆነ መስመሩ ሳይቋረጥ አምስት ቀን ገደማ ነው። ይህን ሳያስሉ ሰኞ ጠዋት ዝውውር የጀመረ መሥሪያ ቤት ሳምንቱን ሙሉ ኢሜይል መላክ ያቅተዋል።

ማከማቻዎቹ ሲነጻጸሩ

ጉግል ድራይቭ በነፃ 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ነገር ግን ይህ መጠን ለድራይቩ ብቻ ሳይሆን ለጂሜይልና ለጉግል ፎቶስም በጋራ የተሰጠ ነው። ከሰኔ 2021 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ የሚጫኑ ፎቶዎችም በጉግል ዶክስና ሺትስ የሚፈጠሩ ፋይሎችም ከዚሁ ይቆረጣሉ። በተግባር ይህ ምን ማለት ነው? የስልክዎ ፎቶ ቦታውን ሲሞላው የሥራ ኢሜይል መቀበል ያቆማል። በግል አካውንት የሚሠራ ሰው ስልኩ ላይ ያለውን የፎቶ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) በሌላ አካውንት ያድርግ ወይም ያጥፋው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ሊሰረዝ እንደሚችልም ይወቁ፤ «ለመጠባበቂያ» ተብሎ የተከፈተና የተረሳ አካውንት መጠባበቂያ አይሆንም።

የጉግል ድራይቭ ትልቁ ጥንካሬ ብዙ ሰው አንድ ሰነድ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ መቻሉ ነው። ትልቁ ወጥመዱም ከዚሁ ይመጣል። በጉግል ዶክስ የተሠራ ሰነድ ኮምፒውተርዎ ላይ እንደ ፋይል ቢታይም፣ ያ የሚታየው ወደ ድረ ገጹ የሚወስድ አቋራጭ ብቻ ነው። ፍላሽ ላይ ቢገለብጡት ውስጡ ምንም ጽሑፍ የለም። ዋናውን ለመያዝ ከሰነዱ ውስጥ ፋይል፣ ቀጥሎ ዳውንሎድ ብለው በወርድ ወይም በፒዲኤፍ መልክ ያውርዱ፤ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለማውጣት ደግሞ ጉግል ቴክአውት የሚባለው አገልግሎት አለ።

ዋንድራይቭ በነፃ 5 ጊጋባይት ነው፤ ለአንድ ሰው የሚሆነው የማይክሮሶፍት 365 ፐርሰናል ክፍያ ግን 1 ቴራባይት አብሮ ይሰጣል። ቀኑን በወርድና በኤክሴል የሚውል ሰው ሌላ ማከማቻ የሚፈልግበት ምክንያት ብዙ አይደለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፕሮግራሙ ኮምፒውተሩ ላይ ሲጫን ነው፦ ዴስክቶፕ፣ ዶክዩመንትስና ፒክቸርስ የሚባሉትን ፎልደሮች ባክአፕ ላድርግ ብሎ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ እሺ ካሉ ፎልደሮቹ ወደ ዋንድራይቭ ውስጥ ይዛወሩና 5 ጊጋባይቱ በአንድ ቀን ይሞላል። ሲንኩ ይቆማል፤ ሰውየው ግን ሁሉም ነገር ተቀምጧል ብሎ ያምናል። የዋንድራይቭን ሴቲንግስ ከፍተው የባክአፕ ክፍሉ ውስጥ የማይፈልጉትን ፎልደር ያጥፉ።

ከፋይሉ አጠገብ የሚታዩትን ምልክቶች ማንበብም ይልመዱ። ሰማያዊ ደመና ካለ ፋይሉ ያለው ኢንተርኔት ላይ ብቻ ነው። ውስጡ ነጭ የሆነ ክብ ላይ አረንጓዴ የትክክል ምልክት ካለ አንድ ጊዜ ስለተከፈተ ለጊዜው ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ክቡ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ምልክቱ ነጭ ከሆነ ሁልጊዜ እንዲኖር ታዝዟል ማለት ነው። ለመንገድ የሚወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ፎልደር በቀኝ ተጭኖ ሁልጊዜ በዚህ ኮምፒውተር ላይ ይኑር የሚለውን ይምረጥ። በጉግል በኩል ተመሳሳዩ ምርጫ ስትሪምና ሚረር ይባላል፦ ስትሪም ፋይሉን ሲከፍቱት ብቻ ያወርዳል፤ ሚረር ኮምፒውተሩም ክላውዱም ላይ ያስቀምጣል። ዲስኩ ጠባብ ለሆነ ላፕቶፕ ስትሪም፣ መስመሩ ለሚቆራረጥበት ሰው ሚረር ይሻላል።

ድሮፕቦክስ በነፃ የሚሰጠው 2 ጊጋባይት ብቻ ነው፤ የነፃ አካውንቱም ከ3 መሣሪያ በላይ አይገናኝም። በሲንክ ጥራት ግን እስከ ዛሬ ይከበራል። ፋይል ሲለወጥ የተለወጠውን ክፍል ብቻ ነው የሚልከው፤ አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችም ኢንተርኔቱን ሳይነኩ በውስጥ ኔትወርክ ፋይሉን ይቀባበላሉ። ደካማ መስመር ላይ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ዋንድራይቭም የተለወጠውን ክፍል ብቻ መላክ ይችላል።

አይክላውድ በነፃ 5 ጊጋባይት አለው። ሁሉም ሰው የአፕል መሣሪያ ከያዘ ያለ ድካም ይሠራል፤ አንድ ባልደረባ ዊንዶውስ ከያዘ ግን ለጋራ ሥራ አይመረጥም።

የቡድን ሥራ ላይ ከሁሉ በላይ የሚረሳው ልዩነት የተጋራ ፎልደር ከማን ድርሻ ይቆረጣል የሚለው ነው። ጉግል ድራይቭ ላይ ከፋይሉ ባለቤት፣ ማለትም ከጫነው ሰው ይቆረጣል። ዋንድራይቭ ላይ ከፎልደሩ ባለቤት ነው። ድሮፕቦክስ ላይ ደግሞ በግል አካውንቶች መካከል የተጋራ ፎልደር ከእያንዳንዱ አባል ድርሻ ይቆጠራል። ስለዚህ ባለ ብዙ ጊጋባይት አንድ ሰው 3 ጊጋባይት የሆነ ፎልደር ባለ 2 ጊጋባይት ነፃ አካውንት ላለው ባልደረባው ቢያጋራ፣ ባልደረባው ፎልደሩን ወደ አካውንቱ ማስገባት አይችልም። ብዙ ጊዜ «ሊንኩ አይሠራም» የሚባለው ይህ ነው።

ምስጢራዊ ሰነድ ካለ ደግሞ ሌላ ሚዛን ያስፈልጋል። ጉግል፣ ማይክሮሶፍትና ድሮፕቦክስ ፋይሉን በመንገድም በማከማቻም ያመሰጥሩታል፤ በመደበኛ አጠቃቀም ግን ቁልፉ በእነርሱ እጅ ነው። ፕሮቶን ድራይቭና ሜጋ ቁልፉን ለተጠቃሚው ብቻ ይተዋሉ። ዋጋውም እዚሁ ላይ ነው፦ ፓስወርዱንና የመመለሻ ቁልፉን የጣለ ሰው ፋይሉን ማንም አይመልስለትም። ያለውን ማከማቻ ሳይለቅ ጥቂት ሰነዶችን ብቻ መቆለፍ የሚፈልግ ሰው ክሪፕቶሜተር የሚባለውን ነፃና ክፍት ፕሮግራም ይጠቀም፤ ፋይሉን ኮምፒውተሩ ላይ አመስጥሮ ነው ወደ ክላውድ የሚልከው።

ከመወሰን በፊት የሚደረጉ ሦስት ሙከራዎች

የአገልግሎቱ ድረ ገጽ የሚለውን ትተው በራስዎ እጅ ይፈትኑ። «ሙከራ» የሚል ፎልደር ከፍተው 5 ፋይሎች ያስገቡ፤ ቢያንስ አንዱ የወርድ፣ አንዱ የኤክሴል፣ አንዱ ፎቶ ይሁን።

የመጀመሪያው የመመለስ ሙከራ ነው። የወርዱን ፋይል ሦስት ጊዜ ለውጠው ያስቀምጡ፤ ከዚያ በድረ ገጹ በኩል ገብተው የመጀመሪያውን ቨርዥን (ከመለወጡ በፊት የነበረውን ቅጂ) ይመልሱ። ቀጥሎ ፎልደሩን ሙሉውን ሰርዘው ከትራሽ (የተሰረዘ ከሚጠራቀምበት ቦታ) ያስነሡ። ጉግል ድራይቭ፣ አይክላውድ፣ ነፃው ድሮፕቦክስና የግል ዋንድራይቭ የተሰረዘ ፋይል 30 ቀን ያቆያሉ፤ የመሥሪያ ቤት ዋንድራይቭ 93 ቀን። ጉግል ላይ የተጫኑ ፋይሎች የቀድሞ ቨርዥኖች የሚቆዩት 30 ቀን ወይም 100 ቨርዥን እስኪሞላ ነው፤ ለዘላለም እንዲቆይ የሚፈልጉትን በማኔጅ ቨርዥንስ ውስጥ ምልክት ማድረግ አለብዎት። ባልደረባዎም ከተጋራው ፎልደር ውስጥ የእርስዎን ፋይል ይሰርዝና ምን እንደሚሆን ይዩ። ጉግል ድራይቭ ላይ ባለቤቱ ያልሆነ ሰው ያስወገደው ፋይል ትራሽ ውስጥ አይገባም፤ በባለቤቱ አካውንት ይቀራል፤ በስሙ ሲፈለግ ይገኛል። ይህን የማያውቅ ሰው ጠፋ ብሎ ከዜሮ ይጀምራል።

ሁለተኛው የመቋረጥ ሙከራ ነው። ኢንተርኔቱን አጥፍተው አምስቱንም ፋይሎች በመጀመሪያ በኮምፒውተር፣ ከዚያም በስልክ ይክፈቱ። ያልተከፈተው ሁሉ ኢንተርኔት ላይ ብቻ ያለ ነው። ስልክ ላይ ፋይሎች በራሳቸው አይወርዱም፤ ከፋይሉ አጠገብ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክተው ኦፍላይን እንዲገኝ ማዘዝ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው የግጭት ሙከራ ነው። አንዱን ፋይል በሁለት ኮምፒውተር ይክፈቱ፤ የአንዱን ኢንተርኔት አጥፍተው ሁለቱም ላይ የተለያየ ነገር ይጻፉ፤ ከዚያ መልሰው ያገናኙ። ድሮፕቦክስ ሁለተኛውን የግጭት ቅጂ ብሎ በሰውየው ስምና በቀኑ ለይቶ ያስቀምጠዋል፤ ዋንድራይቭ የኮምፒውተሩን ስም ይጨምርበታል። በሁለቱም ጊዜ አዋሕዶ የሚጨርሰው ሰው ነው። የሒሳብ ፕሮግራም የሚሠራበትን ዳታቤዝ ወይም የኢሜይል ማኅደር ሲንክ የሚደረግ ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ የሌለበትም በዚህ ምክንያት ነው፤ ፕሮግራሙ ገና እየጻፈበት ሳለ ግማሹ ይላክና ፋይሉ ይበላሻል። እንዲህ ያለውን ፕሮግራሙ ራሱ በሚያወጣው ባክአፕ ብቻ ይላኩት።

ሲንክ ባክአፕ አይደለም። አንዱ ኮምፒውተር ላይ የተሰረዘ በሁሉም ይሰረዛል፤ ቫይረስ የቆለፈው ፋይልም ተቆልፎ ይባዛል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቢሮ ውጭ የሚለውን የቆየ ደንብ ይያዙ። ኮምፒውተሩና ክላውዱ ሁለቱ ናቸው፤ ሦስተኛው ቅጂ ተነቅሎ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ይሁን።

የማስታወሻ መሣሪያ አመራረጥ

እዚህ ላይ መነሻው ማስታወሻው በምን ዓይነት ፋይል ይቀመጣል የሚለው ጥያቄ ነው። በዚህ ረገድ መሣሪያዎቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ።

አንደኛው ወገን ማስታወሻውን በራሱ ዳታቤዝ የሚይዝ ነው። ዋንኖት በነፃ ይሠራል፤ ደብተር፣ ክፍልና ገጽ ብሎ ይከፋፍላል፤ በገጹ ላይ በፈለጉት ቦታ መጻፍ ወይም በእስክሪብቶ መሣል ስለሚቻል ለሥልጠናና ለስብሰባ ምቹ ነው። ደብተሩ የሚቀመጠው ዋንድራይቭ ውስጥ ስለሆነ ከዚያ ድርሻ ይቆረጣል። ፎልደሩን በዋንድራይቭ በኩል ገብተው ወደ ሌላ ቦታ ቢያዛውሩት ወይም ስሙን ቢለውጡት ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ዋንኖት ደብተሩን ያጣዋል፤ ስለዚህ አይንኩት። በይለፍ ቃል የተቆለፈ ክፍል ቃሉ ከተረሳ አይከፈትም።

ኖሽን ከማስታወሻም ያልፋል፤ ሠንጠረዥ፣ የሥራ ዝርዝርና የቡድን መረጃ በአንድ ገጽ ላይ ያገናኛል። የሥራ ሂደት ለሚከታተል ቡድን ጠንካራ ነው፤ በችኮላ አንድ ስልክ ቁጥር ለመጻፍ ግን ከባድ ነው። ነፃ ዕቅዱ ላይ የገጽ ታሪክ የሚቆየው 7 ቀን ብቻ ነው፤ ሁለትና ከዚያ በላይ አባል ያለበት ነፃ የሥራ ቦታ ደግሞ 1,000 ብሎክ ላይ ይገደባል። አንድ አንቀጽ፣ አንድ ፎቶ፣ አንድ የዝርዝር መስመር እያንዳንዱ አንድ ብሎክ ስለሆነ ቡድን በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል። ያለ ኢንተርኔት መሥራት የሚቻለው ከነሐሴ 2025 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጀምሮ ነው፤ የሚያስፈልገው ገጽ አስቀድሞ ለኦፍላይን መዘጋጀቱን ያረጋግጡ።

ጉግል ኪፕ የኪስ ወረቀት ነው። ለአንድ ማስታወሻ ወደ 20,000 ፊደል ይቀበላል፤ የተሰረዘውን የሚያቆየው 7 ቀን ብቻ ነው። ቶሎ ተጽፎ ቶሎ ለሚያልቅ ነገር ከእርሱ የሚፈጥን የለም፤ ቃለ ጉባኤ ግን አያስቀምጡበት። ኤቨርኖት በ2008 የወጣና ለዓመታት የብዙዎች ምርጫ የነበረ መሣሪያ ነው፤ በታኅሣሥ 2023 ነፃ ዕቅዱን ወደ 50 ማስታወሻና 1 ደብተር ዝቅ ሲያደርገው ብዙ ሰው በጥድፊያ መውጫ ፈለገ። ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ለሁሉም መሣሪያ ይሠራል፦ ነፃ ዕቅድ ባለቤቱ ሲፈልግ የሚለውጠው ነው፤ መውጫውን ሲገቡ ይወቁ።

ሁለተኛው ወገን ማስታወሻውን በተራ የጽሑፍ መልክ የሚይዝ ነው። ኦብሲዲያን እያንዳንዱን ማስታወሻ በማርክዳውን ፋይል፣ ማለትም ርዕስና ዝርዝር በቀላል ምልክት በሚጻፍበት ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ ኮምፒውተርዎ ላይ ያስቀምጣል፤ ፕሮግራሙ ነገ ቢጠፋ እንኳ ፋይሎቹ በየትኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታሉ። ከየካቲት 2025 ጀምሮ ለሥራም መጠቀም ያለ ክፍያ ነው፤ የሚከፈልበት የራሱ የሲንክ አገልግሎት ነው። ፎልደሩን ዋንድራይቭ ወይም ድሮፕቦክስ ውስጥ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ ሁለት የሲንክ አገልግሎት በአንድ ፎልደር ላይ መደረብ ግን የተባዛና የተሳከረ ፋይል ያመጣል፤ አንዱን ብቻ ይምረጡ። ጆፕሊን ደግሞ ክፍት ምንጭና ነፃ ነው፤ ማስታወሻውን በራሱ ዳታቤዝ ቢይዝም የሚጻፈው በማርክዳውን ነው፣ በዚያው መልክም ያወጣዋል፤ በድሮፕቦክስ፣ በዋንድራይቭ ወይም ድርጅት በራሱ ሰርቨር ላይ ሊያቆመው በሚችለው በኔክስትክላውድ በኩል ሲንክ ያደርጋል፤ ማስታወሻውን ከመላኩ በፊት የሚያመሰጥር ምርጫም አለው።

ለአንድ ሰው ሥራና ለረጅም ጊዜ ማኅደር ሁለተኛው ወገን ይመረጣል። ብዙ ሰው በአንድ ገጽ ላይ አብሮ ለሚጽፍበት ሥራ ግን ኖሽን ወይም ዋንኖት ያለ ጥርጥር ይቀድማሉ፤ ኦብሲዲያን ለዚያ አልተሠራም።

የአማርኛ ፍለጋ ለምን ያስቸግራል

የማስታወሻ ዋጋው ሲፈለግ መገኘቱ ነው፤ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው እዚህ ላይ የሚገጥመው ችግር ደግሞ በመሣሪያዎቹ መመሪያ ውስጥ አይጻፍም። ኮምፒውተር ሥ እና ስ፣ ሀ እና ሐ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ሲያነብ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። «ሥራ» ብሎ የጻፈ ሰው «ስራ» ብሎ ቢፈልግ፣ ፊደል በፊደል የሚያመሳክር መሣሪያ ምንም የለም ይለዋል። ከዚህ የባሰው የቃሉ መጨረሻ ሲለወጥ ነው፦ «ውል» ብለው ሲፈልጉ «ውሉ» አይመጣም፤ ል ወደ ሉ ስለተለወጠ ለኮምፒውተሩ ሌላ ፊደል ነው። ከቃል መጀመሪያ ብቻ የሚፈልግ መሣሪያ ደግሞ የ፣ በ፣ ለ እና ከ የቀደሙባቸውን ቃላት ሁሉ ያልፋቸዋል።

ስለዚህ ሲመርጡ እንዲህ ይፈትኑ። «የሥራ ውሉ ተፈርሟል» የሚል ማስታወሻ ይጻፉ፤ ከዚያ «ስራ»፣ «ሥራ»፣ «ውል» እና «ውሉ» እያሉ አራት ጊዜ ይፈልጉ። የትኛው እንደሚያገኘው ይመዝግቡ። ኦብሲዲያን ውስጥ ሁለቱን ፊደል በአራት ማዕዘን ቅንፍ አድርጎ በአንድ ጊዜ መፈለግ ይቻላል፤ በፍለጋ ሣጥኑ /[ሥስ]ራ/ ብለው ይጻፉ። ለውል ደግሞ /ው[ልሉ]/ ይሠራል።

መሣሪያው ምንም ይሁን ምን ልማድ ማበጀት ያድናል። በእያንዳንዱ ማስታወሻ ርዕስ ላይ የነገሩን ቃል ያለ ቅጥያ ያስቀምጡ፤ «ውል» እንጂ «ስለ ውሉ» አይሁን። ለአንድ ጉዳይ አንድ ቁጥር ይስጡና በርዕሱም በፋይሉ ስምም ላይ ይድገሙት፤ ቁጥር የፊደል ስሕተት የለበትም። ቡድኑም ሥ ወይስ ስ በሚለው ላይ አንድ ጊዜ ተስማምቶ ይጻፍ። ፊደሎቻችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚያነቡት የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገቡት በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ አሮጌ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ቢመስልም ለፍለጋ አማርኛ አይደለም፤ ተቀይሮ ካልገባ አይገኝም።

የፋይል ስም

ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። አንደኛ፣ ስሙን በቀን ይጀምሩ፦ ዓመት፣ ወር፣ ቀን በዚህ ቅደም ተከተል፣ ለምሳሌ 2025-03-14፤ ያኔ በስም ሲደረደር በጊዜም ይደረደራል። በአንድ ማከማቻ ውስጥ አንድ የዘመን አቆጣጠር ብቻ ይኑር፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ቅደም ተከተሉ ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ አህጽሮት ላይ የምንጠቀምበት እዝባር ዊንዶውስ ላይ አይፈቀድም። «መ/ቤት» ወይም «ጽ/ቤት» ብለው በጉግል ድራይቭ ድረ ገጽ ላይ መሰየም ይችላሉ፤ ፋይሉ ሲወርድ ግን ምልክቱ በሌላ ይተካና ስሙ ይለወጣል። ኮከብ፣ የጥያቄ ምልክትና ቀጥ ያለው የእንግሊዝኛ ትምህርተ ጥቅስም (") እንዲሁ ናቸው። «ጽሕፈት ቤት» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ርዝመቱን ያሳጥሩ። አንድ የግዕዝ ፊደል በብዛት በሚሠራበት የዩኒኮድ አጻጻፍ 3 ባይት ይይዛል። አንድሮይድና ሊነክስ ለአንድ የፋይል ስም የሚፈቅዱት 255 ባይት ስለሆነ፣ ከነቅጥያው 85 ፊደል ገደማ ነው የሚገባው። ዊንዶውስ ላይ በ100 ፊደል የተሰየመ ሰነድ ስልክ ላይ ላይወርድ የሚችለው ለዚህ ነው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሲደራረብ ደግሞ ሙሉ አድራሻው ይረዝማል፤ ዋንድራይቭ ከ400 ፊደል በላይ የሆነ አድራሻ አይቀበልም፤ ብዙ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችም 260 ላይ ይቆማሉ። ከአራት ደረጃ በላይ አይውረዱ።

የባለቤትነትና የመግቢያ ጉዳይ

የመሥሪያ ቤት ፋይል በሠራተኛ የግል አካውንት ላይ አይቀመጥ። ሰው ሥራ ሲለቅ አካውንቱ አብሮት ይሄዳል፤ ቢዘጋ ደግሞ እርሱ የጫናቸው ፋይሎች ከሁሉም ሰው ፊት ይጠፋሉ። በክፍያ በሚሠራው የጉግል ወርክስፔስ ውስጥ ሼርድ ድራይቭ፣ በማይክሮሶፍት በኩል ሼርፖይንት ያሉት ለዚህ ነው፤ የፋይሉ ባለቤት ሰውየው ሳይሆን ድርጅቱ ይሆናል።

ሲያጋሩ «ሊንኩ ያለው ሁሉ» ከሚለው ይልቅ በስም የተጠቀሰ ሰው ብቻ የሚለውን ይምረጡ፤ ማየት የሚበቃውን ሰው የማረም መብት አይስጡት። በየሦስት ወሩ የተጋሩትን ዝርዝር ከፍተው ያለፈባቸውን ያንሱ። ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ በሁሉም አካውንት ላይ ያብሩ፤ ሲያበሩ የሚሰጡትን የመመለሻ ኮዶች በወረቀት አትመው ያስቀምጡ። ኮዶቹን እዚያው ክላውዱ ውስጥ ያስቀመጠ ሰው ቁልፉን ቤት ውስጥ ትቶ በሩን እንደዘጋ ነው።

ማዛወር

ሁሉንም በአንድ ቀን አያንቀሳቅሱ። በመጀመሪያው ሳምንት አዲሱ ማከማቻ ላይ አንድ በሥራ ላይ ያለ ጉዳይ ብቻ ያኑሩና እስኪያልቅ ድረስ በዚያ ብቻ ይሥሩ። ካልተስማማ የሚመለሰው ጥቂት ነው።

ከተስማማ፣ አሮጌውን ቅጂ ሳይነኩ ወደ አዲሱ ይገልብጡ፤ መቁረጥ አይደለም፣ መገልበጥ። ትልልቁን ማታ ይላኩ። ሲያልቅ በሁለቱም በኩል የፋይል ብዛትና ጠቅላላ መጠን ያወዳድሩ፤ በመጀመሪያ የጻፉት ቁጥር አሁን ይሠራል። ብዛቱ ከጎደለ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ያልተፈቀደ ምልክት፣ የረዘመ ስም ወይም ሲገለበጥ ተከፍቶ የነበረ ፋይል ነው። መጠኑ ብቻ ትንሽ ከተለየ ደግሞ ከጉግል ዶክስ ወደ ወርድ የተቀየሩ ሰነዶች ያመጡት ሊሆን ይችላል፤ ሠንጠረዥና ቀመር ያለባቸውን ከፍተው ይመልከቱ።

ማስታወሻዎች የሚወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። ከኪፕ በቴክአውት በኩል ይወርዳሉ። ኮምፒውተር ላይ ያለው ዋንኖት በዊንዶውስ ፋይል፣ ከዚያ ኤክስፖርት ብለው ደብተሩን በሙሉ በፒዲኤፍ ወይም በራሱ ጥቅል ያወጣል። ኖሽን በማርክዳውንና በሠንጠረዥ ፋይል ጠቅልሎ ይሰጣል፤ በእያንዳንዱ ፋይል ስም ጫፍ ላይ ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር ስለሚጨምር ጥቅሉን ዊንዶውስ ላይ ሲፈቱ አድራሻው ረዝሞ አንዳንዱ ፋይል ሊቀር ይችላል። ጥቅሉን ዴስክቶፕ ላይ ሳይሆን በቀጥታ በዲስኩ መጀመሪያ ላይ አጭር ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ይፍቱት።

አሮጌው ማከማቻ ላይ የነበሩ ሊንኮች ሁሉ በማስታወሻ፣ በኢሜይልና በሰው እጅ ውስጥ አሉ፤ ፋይሉ ሲዛወር አብረው አይዛወሩም። አሮጌውን ቢያንስ 90 ቀን ማንም እንዳያርመው ዘግተው ያቆዩት፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይም አዲሱ ቦታ የት እንደሆነ የሚናገር አንድ አጭር ፋይል ይተዉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሰው አሮጌውን ሊንክ ይዞ ሲመጣ ማስታወሻው ውስጥ ያለውን ሊንክ እዚያው ያርሙ። ከዚያ ሙሉውን ቅጂ በሃርድ ዲስክ ላይ አውርደው፣ ከዲስኩ ላይ በዘፈቀደ አሥር ፋይሎች ከፍተው ካዩ በኋላ አሮጌውን ይሰርዙ።